ዣን-አንሪ ፋብር

ዣን-አንሪ ካዚሚር ፋብር (ዲሴምበር 1823 – ኦክቶበር 11 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ መምህርና ደራሲ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ተርብ፣ ስለ ጥንዚዛና ስለ ሌሎች ነፍሳት ጠባይ በጻፋቸው 10 ጥራዞች ነው። ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበው የእንስሳት ጥናት ግን ስለ ነፍሳት ሳይሆን ስለ ሺ እግርና ስለ ዘመዶቹ ነበር። ሺ እግር እያደገ ሲሄድ እግሮቹ እንዴት እንደሚበዙ የሚገልጸው ደንብ እስከ ዛሬ ድረስ ከስሙ ጋር ይነሳል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ፋብር የተወለደው በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አውራጃ፣ ሴን-ሌዮንስ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ወላጆቹ ድሆች ስለነበሩ ገና ሕፃን ሳለ ማላቫል ወደምትባል ቦታ፣ ገበሬ ወደሆኑት የአባቱ ወላጆች ተላከ። ወደ መንደሩ ተመልሶ የገባበት ትምህርት ቤት መምህር ከማስተማሩ ሌላ ፀጉር አስተካካይና የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይም ነበር።

በ1833 ቤተሰቡ ወደ ሮዴዝ ከተማ ተዛወረ። አባቱ በየከተማው ቡና ቤት ቢከፍትም አንዱም አልሆነለትም፤ በመጨረሻ ቤተሰቡ ተበተነ። ልጁ የሚበላውን ለማግኘት በገበያ ሎሚ ሸጧል፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኗል። በአቪኞን ለመምህራን ማሠልጠኛ የተዘጋጀውን የነፃ ትምህርት ዕድል በፈተና አሸንፎ ገባና በ19 ዓመቱ የመምህርነት ምስክር ወረቀት አገኘ።

የመጀመሪያ ሥራው በካርፓንትራ ከተማ ነበር። በ1844 ማሪ-ሴዛሪን ቪያርን አገባ። ቀን እያስተማረ ሌሊት ብቻውን እየተማረ በሒሳብና በፊዚክስ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለመያዝ በቃ። አልጀብራንና ጂኦሜትሪን ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ ተውሶ ነው የተማረው።

ኮርሲካ

በ1849 የፊዚክስ መምህር ሆኖ ወደ ኮርሲካ ደሴት፣ ወደ አዣክሲዮ ተላከ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐሳቡ የሒሳብ ሊቅ መሆን ነበር። በደሴቲቱ ከዕፅዋት ተመራማሪው ከኤስፕሪ ረኪየን ጋር ተዋወቀ። ረኪየን በ1851 ሲሞት የጀመረውን ሥራ ለመቀጠል ከቱሉዝ የመጣው አልፍሬድ ሞካን-ታንዶን በፋብር ቤት አረፈ። እንግዳው ከመሄዱ በፊት ከቤቱ የስፌት ዕቃ መቀስና መርፌ ወስዶ፣ ለመርፌው ከወይን ሐረግ እጀታ ሠርቶ፣ ውኃ በሞላ የሾርባ ሳህን ውስጥ የቀንድ አውጣን የውስጥ አካል ከፍቶ አሳየው። ፋብር በሕይወት ዘመኑ የወሰደው የእንስሳት ጥናት ትምህርት ይኼው አንድ ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። ሞካን-ታንዶን ሒሳቡን ትቶ ወደ እንስሳትና ዕፅዋት እንዲዞርም መከረው። ፋብር በደሴቲቱ ወባ ስለያዘው በ1853 ወደ አቪኞን ተመለሰ።

የሺ እግር ጥናት

ፋብር በ1854 በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በፓሪስ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ለዚህ ያቀረባቸው ጽሑፎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ስለ አንድ የኦርኪድ ተክል ሥር፣ ሌላው ደግሞ ስለ ብዙ እግሮች የመራቢያ አካልና ዕድገት ነው። ብዙ እግሮች የሚባሉት ሺ እግርን፣ መቶ እግርንና ሁለት ሌሎች በጣም ጥቃቅን ወገኖችን የያዙ እንስሳት ናቸው። ነፍሳት 6 እግር ብቻ ስላላቸው ከእነርሱ አይቆጠሩም።

ሺ እግርና መቶ እግር ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። መቶ እግር አዳኝ ነው፤ ፈጣን ነው፣ መርዛማ መንጋጋ አለው፣ በአንድ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር ይይዛል። ሺ እግር ግን ቀርፋፋ ሲሆን በአብዛኛው የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ይበላል፤ በዚህም አፈርን ያዳብራል። በአገራችንም ክረምት ሲገባ ከድንጋይና ከእርጥብ ቅጠል ሥር ይገኛል፤ ሲነካ ይጠቀለላል። መርዝ የሚነድፍበት አካል የለውም። ሆኖም ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጎናቸው ባሉ ቀዳዳዎች የሚያቃጥልና የሚሸት ፈሳሽ ያወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሳያናይድ ያለበት ጋዝ ሳይቀር ያመነጫሉ።

የሺ እግር ዋና መለያው በአብዛኞቹ ቀለበቶቹ ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር መኖሩ ነው። ይህ የሆነው እያንዳንዱ ቀለበት በእርግጥ ሁለት ተጣምረው አንድ የሆኑ ክፍሎች ስለሆነ ነው። ከራሱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቀለበት ግን እግር የለውም፣ ቀጥለው ያሉት ሦስቱም አንድ አንድ ጥንድ ብቻ አላቸው።

የመራቢያ አካሉ አቀማመጥ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በመቶ እግር የመራቢያ ቀዳዳው በጅራቱ በኩል ሲሆን በሺ እግር ግን ከፊት፣ ከሁለተኛው ጥንድ እግር አጠገብ ነው። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ወንዱ በሰባተኛው ቀለበት ላይ ለመራመድ የማያገለግሉ፣ ቅርጻቸው የተለወጠ እግሮች አሉት፤ ዘሩን ከፊተኛው ቀዳዳ ወደ እነዚህ እግሮች አስተላልፎ በእነርሱ ለሴቷ ይሰጣል። የእነዚህ እግሮች ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ዛሬም ተመራማሪዎች ሁለት ተመሳሳይ ሺ እግሮችን የሚለዩት በአብዛኛው እነርሱን በማጉያ መነጽር አይተው ነው።

ሺ እግር ሙሉ እግሩን ይዞ አይፈለፈልም። በብዙዎቹ ዝርያዎች ግልገሉ ከእንቁላል ሲወጣ እግሩ 3 ጥንድ ብቻ ነው፤ ነፍሳት የሚመስለው በዚያ ዕድሜው ነው። ከዚያ ቅርፊቱን በጣለ ቁጥር ቀለበትና እግር ይጨምራል። ፋብር ያስተዋለው ጭማሪው በዘፈቀደ አለመሆኑን ነው። አዲስ ቀለበቶች የሚወጡት ከኋላ፣ ከመጨረሻው የጅራት ክፍል ፊት ለፊት ሲሆን መጀመሪያ እግር የላቸውም። በሚቀጥለው ቅርፊት መጣል ጊዜ እነዚያ እግር አልባ ቀለበቶች በሙሉ እግር ያወጣሉ፣ ከኋላቸውም ሌሎች እግር አልባ ቀለበቶች ይተካሉ። ስለዚህ ዛሬ 5 እግር አልባ ቀለበቶች ያሉት ሺ እግር ቅርፊቱን ሲጥል 10 ጥንድ፣ ማለትም 20 አዲስ እግሮች ይኖሩታል ማለት ነው። ደንቡ በኮምፒውተር ፕሮግራም ቢጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም፤ ነገር ግን እሱን ለማግኘት በየደረጃው ያሉትን ቀለበቶች ቁጭ ብሎ መቁጠር ያስፈልግ ነበር። የማይከተሉት ወገኖች ቢኖሩም ደንቡ በአብዛኞቹ ሺ እግሮች ላይ ይሠራል፤ ዛሬም የሺ እግርን ዕድሜ በደረጃ ለመለየት ያገለግላል።

ስሙ ሺ ይበል እንጂ፣ ከ1,000 በላይ እግር ያለው ሺ እግር ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። ከአውስትራሊያ ምድር ጥልቅ ውስጥ የተገኘና 1,306 እግር ያለው ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸው በ2021 ነው።

ከሺ እግር ወደ ተርብ

ፋብር በሺ እግር ጥናት አልቀጠለም። በዚያው ወቅት ሌዮን ዱፉር የተባለ ሐኪም ስለ አዳኝ ተርብ የጻፈውን አንብቦ ነበር። ተርቧ ጥንዚዛ አድና ለልጆቿ ምግብ እንዲሆን ጉድጓድ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ጥንዚዛው ግን ለሳምንታት አይበሰብስም። ዱፉር ተርቧ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ መድኃኒት ትወጋዋለች ብሎ ገምቶ ነበር። ፋብር በ1855 ባሳተመው ጥናት ጥንዚዛው ሞቶ ሳይሆን ሽባ ሆኖ በሕይወት እንደሚቆይ አሳየ፤ ተርቧ የምትወጋው እንቅስቃሴን የሚመራውን የነርቭ ማዕከል ነው። ለዚህም ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተርቦቹ ሁልጊዜ ፋብር ባለው ልክ ትክክለኛ ቦታ እንደማይወጉና አወጋጋቸውም እንደሚለያይ አሳይተዋል።

የአቪኞን ዓመታት

በአቪኞን ደሞዙ ትንሽ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሀብት የሌለው ሰው እንደማይችል ስለተነገረው ገንዘብ ለማግኘት ወደ ኬሚስትሪ ዞረ። የአካባቢው ገበሬዎች ጋራንስ የሚባል ተክል ያመርቱ ነበር፤ ከሥሩ ለጨርቅ የሚሆን ቀይ ቀለም ይወጣል። ፋብር ቀለሙን ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ለዓመታት ደክሞ ሥራው ፍሬ ሊሰጥ ሲል፣ በ1868 ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች ያንኑ ቀለም በቤተ ሙከራ ሠሩ። የጋራንስ እርሻም የፋብርም ተስፋ አብረው ወደቁ።

በ1865 ሉዊ ፓስተር የሐር ትልን በሽታ እንዲያጠና ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተልኮ ፋብርን ጎብኝቷል። ፓስተር በዚያን ጊዜ የሐር ትል ጎጆ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር። ፋብር ይህን ሲተርክ አላሾፈበትም፤ ቀድሞ የተነገረውን ሳይዙ በዓይን ማየት የሚጠቅም መሆኑን ከዚያ እንደተማረ ጽፏል።

የትምህርት ሚኒስትሩ ቪክቶር ዱሩዊ ሥራውን ወድዶለት ስለነበር በ1868 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሰጠው። ዱሩዊ በጀመረው የማታ ትምህርት ፋብር ለሕዝብ በነፃ ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹ መካከል ወጣት ሴቶችም ነበሩ። ስለ አበቦች አረባብ ለሴቶች ማስተማሩ ወግ አጥባቂዎችን አስቆጣ። ሚኒስትሩ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ የሚከላከልለት አልነበረም፤ አከራዮቹም ቤቱን እንዲለቅ አደረጉት። በጦርነት ወቅት፣ ገንዘብ በሌለበት፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድበት አጣ። በዚያ ጊዜ የደረሰለት በአቪኞን ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሚል ያለ ምንም መያዣ 3,000 ፍራንክ አበደረው፤ ፋብር በኋላ ሙሉውን መልሷል። ቤተሰቡ ወደ ኦራንዥ ከተማ ተዛወረ፣ የመንግሥት መምህርነቱም በዚሁ አበቃ።

በኦራንዥ የኖረው የትምህርት መጻሕፍት እየጻፈ ነው። ስለ ኬሚስትሪ፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ ሳይቀር ለተማሪዎች ጽፏል። በ1877 ነፍሳትን አብሮት ይፈልግ የነበረው ልጁ ዡል በ16 ዓመቱ ሞተ። ፋብር ለአዳዲስ የተርብ ዝርያዎች የልጁን ስም ሰጥቷል።

አርማስ

በ1879 ከመጻሕፍቱ ባገኘው ገቢ በሴሪኛን መንደር አንድ ሄክታር ያህል መሬት ከነቤቱ ገዛ። ስሙን አርማስ አለው፤ በአካባቢው ቋንቋ ያልታረሰ፣ ድንጋያማ መሬት ማለት ነው። ለገበሬ የማይጠቅም፣ እሾህ የበዛበት ቦታ ስለነበር ተርቦችና ንቦች ይወዱታል፤ እሱም የገዛው ለዚያ ነው። ቀሪ 36 ዓመታቱን እዚያ ኖረ። የነፍሳት ትዝታዎች የሚለውን ሥራውን 10 ጥራዞች ከ1879 እስከ 1907 ያሳተመው ከዚህ ቦታ ነው።

በአርማስ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱ በጥድ ላይ የሚኖሩ፣ በሰልፍ እየተከታተሉ የሚሄዱ አባ ጨጓሬዎችን ይመለከታል። በአንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ከንፈር ላይ የወጡት አባ ጨጓሬዎች የመጀመሪያው የመጨረሻውን ተከትሎ ክብ ሠሩ። ምግብ አጠገባቸው እያለ ለሰባት ቀን ዞሩ። በሌላ ጊዜ ከጎጆዋ የወጣች ሴት ትልቅ የእሳት እራት በወንፊት ሸፍኖ ቢያስቀምጥ በዚያው ሌሊት 40 ያህል ወንዶች በጨለማ ፈልገው መጡ። ሽታ ነው የሚል ግምት ነበረው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእሳት እራቶች ጠረን በኬሚስትሪ ተለይቶ ሲታወቅ ግምቱ ትክክል ሆነ።

ከቻርለስ ዳርዊን ጋር ይጻጻፍ ነበር። ዳርዊን በተመራማሪነቱ ያደንቀው ነበር፤ ከቤታቸው ርቀው የተወሰዱ ንቦች እንዴት እንደሚመለሱ የሚፈትሽ ሙከራም ሐሳብ አቅርቦለታል። ፋብር ሙከራውን አድርጎ ውጤቱን ለመላክ ሲያስብ ዳርዊን ሞተ። የዝግመተ ለውጥን ንድፈ ሐሳብ ግን ፋብር እስከ መጨረሻው አልተቀበለም። የነፍሳት ደመ ነፍስ እንከን የለሽ ስለሚመስለው ቀስ በቀስ ሊገኝ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። እዚህ ላይ የራሱ ማስረጃ ከእሱ ጋር ይጋጫል፤ በማሰሮው ከንፈር ላይ የዞሩት አባ ጨጓሬዎች ደመ ነፍስ እንደሚሳሳት ከማንም በላይ ያሳዩት ለእሱ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ከሞቱ በኋላ

የመጀመሪያ ሚስቱ በ1885 ሞተች። በ1887 ዳግመኛ አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ፤ ከእነርሱ አንዱ ፖል-አንሪ ለመጻሕፍቱ ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። የትምህርት መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ገቢው ስለቀነሰ በእርጅናው እንደገና ተቸገረ። በ1910 ወዳጆቹ በሴሪኛን የክብር በዓል አዘጋጁለት፣ ከዚያም መጻሕፍቱ በብዛት ይሸጡ ጀመር። ለኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ቢታጭም አላገኘም። በ1913 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሬሞን ፑዋንካሬ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጎበኘው።

ፋብር በ91 ዓመቱ በሴሪኛን ሞተ። መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ በተለይ በጃፓን በሕፃናት ዘንድ ሳይቀር ይነበባሉ። እንጉዳዮችን በውኃ ቀለም የሳለባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎችም ትቷል። አርማስን የፈረንሳይ መንግሥት በ1922 ገዝቶ ለብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጠው፤ ቤቱና የሥራ ክፍሉ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ናቸው።