አክሊሉ ሀብተ ወልድ

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ (1904 – ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.) የሕግ ባለሙያ፣ ዲፕሎማትና ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በውጭ ጉዳይ ሥራቸው፣ በተለይም በኤርትራ ጉዳይ ባደረጉት ክርክር ይታወቃሉ። በሕይወታቸው መጨረሻ ሰባት ወር ያህል ክስ ሳይመሠረትባቸውና ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በጦር ሠራዊቱ እጅ ታስረው ቆይተው፣ ደርግ በስብሰባ በሰጠው ውሳኔ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተገድለዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

አክሊሉ የተወለዱት ከሰሜን ሸዋ፣ ከቡልጋ ከመጣ የካህን ቤተሰብ ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ በእንጦጦ ራጉኤል ያገለግሉ ነበር። ወንድሞቻቸው መኮንን ሀብተ ወልድና አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም ለሚኒስትርነት የበቁ ናቸው። አክሊሉ ግብፅ፣ እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ሕግ አጠኑ። ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር እዚያው ፓሪስ ነበሩ፤ በወረራው ዘመንም በከተማዋ በነበረው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርተዋል። ባለቤታቸውም ፈረንሳዊት ነበሩ።

በውጭ ጉዳይ

ከነጻነት በኋላ ወደ አገር ተመልሰው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲዘጋጅ ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ። ከጣልያን ጋር የሰላም ውል በተደረገበት የፓሪስ ጉባኤም አገራቸውን ወክለዋል። ከዚያ በኋላ የኤርትራን ጉዳይ ይዘው በመንግሥታቱ ድርጅት ለዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ያበቃው በኅዳር 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ሲወስን ነው። በእነዚሁ ዓመታት፣ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም.፣ ማንም ሰው በዘፈቀደ እንዳይያዝ፣ እንዳይታሰርና እንዳይጋዝ የሚለው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ ኢትዮጵያ የድጋፍ ድምፅ ሰጥታለች።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

አክሊሉ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ የመጡት የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው። የክብር ዘበኛ መኮንኖች ሚኒስትሮችንና መኳንንትን ሰብስበው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አስረዋቸው ነበር። ሙከራው እየከሸፈ ሲሄድ እስረኞቹ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ከሞቱት መካከል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩት አርበኛው ራስ አበበ አረጋይና የአክሊሉ ወንድም መኮንን ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። ስለዚህ አክሊሉ ሥልጣኑን ሲረከቡ ከእሳቸው በፊት መንበሩን የያዙት ሰውም፣ የገዛ ወንድማቸውም በወታደር እጅ ታስረው የተገደሉ ነበሩ። የሙከራው መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ግን በግልጽ ችሎት ተከሰው፣ ተከራክረውና ተፈርዶባቸው ነው በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት። ይህ ልዩነት ከ13 ዓመት በኋላ የሆነውን ለመረዳት ስለሚጠቅም አንባቢ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ስሙን ያህል ሰፊ አልነበረም። የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ የተፈቀደውም በ1958 ዓ.ም. ነው። በዘመናቸው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በ1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ የመሬት ይዞታ ማሻሻያው ሳይፈጸም ቀረ፤ የተማሪዎች ተቃውሞም ከዓመት ዓመት እየበረታ ሄደ።

ሕጉና አሠራሩ

አክሊሉ በከፍተኛ ሥልጣን ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ኢትዮጵያ የታሳሪን መብት በጽሑፍ አስፍራለች። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ከሕግ ሥርዓት ውጭ ሕይወቱን፣ ነጻነቱንም ሆነ ንብረቱን እንዳያጣ ይደነግጋል። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበትም ይናገራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ነገር መቅጣትን ይከለክላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ 48 ሰዓቱን ደግሞ አጽንቶታል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከቁጥር 177 ጀምሮ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን አስገብቷል። በዚህ አቤቱታ ከሕግ ውጭ ተይዣለሁ የሚል ሰው፣ ወይም ስለ እሱ ሌላ ሰው፣ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱም አሳሪው እስረኛውን ይዞ ቀርቦ ያሰረበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል። አሳሪው ፖሊስ ይሁን ወታደር ለውጥ የለውም። አሳማኝ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ እስረኛው ይለቀቃል።

አሠራሩ ግን ከጽሑፉ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም ነበር። ሰውን በንጉሥ ቃል ወደ ሩቅ አገር በግዞት መላክ የቆየ ልማድ ነው። ልጅ ኢያሱ ከተያዙበት ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ መጀመሪያ በፍቼ፣ ኋላም በጋራ ሙለታ ታስረው ኖረዋል። በአክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመንም፣ በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም.፣ አብዛኛው የኤርትራ ክፍል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጦር ሠራዊቱ ሥር ገብቶ ነበር። መንግሥታቸው የጻፈውን ሕግ ራሱ ሁልጊዜ አክብሮታል ማለት አይቻልም።

ረሃቡና የካቲት 1966

በ1965 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ወሎን መታ። የተራበው ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣ መንገደኛ ላይ እጁን ይዘረጋ ጀመር። ይህ መንገድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የይፋትን ቆላ አቋርጦ፣ በጣርማ በር ዳገት ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ነው። በዚያ ዓመት ወደ ዋና ከተማዋ ለአቤቱታ የመጡ ገበሬዎችን ፖሊስ ከመንገድ መልሷቸዋል። መንግሥት ጉዳዩን ለወራት አድበስብሶ ያዘው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ሲታይ ግን ወሬው በዓለም ተሰማ። በአክሊሉና በባልደረቦቻቸው ላይ ከቀረቡት ወቀሳዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፤ መመርመርም የሚገባው ነበር።

በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አምጸው አዛዦቻቸውን አሰሩ። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ አስመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦርም ተነሣ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በምትኩ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

በጦር ሠራዊቱ እጅ

በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አክሊሉና የቀድሞ ሚኒስትሮቻቸው በወታደሮች ተይዘው በአዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ታሰሩ። ያዛቸው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን ጦር ነው፤ ያደሩትም በወህኒ ቤት ሳይሆን በጦር ሰፈር ነው። 48 ሰዓቱ አለፈ፤ ወራትም ተከተሉ። በሰኔ መጨረሻ ደርግ ከተቋቋመ በኋላ የሚፈለጉ ባለሥልጣናት ስም በሬድዮ ይነበብ ጀመር። ብዙዎቹ ንብረታቸው እንዳይወረስ፣ ፍርድ እናገኛለን ብለውም በገዛ እግራቸው መጥተው እጃቸውን ሰጡ። አክሊሉን የተኩት እንዳልካቸውም ብዙ ሳይቆዩ የእስረኛው ቁጥር ውስጥ ገቡ።

በዚህ መሐል ሕጋዊ መልክ የነበረው ነገር የመርማሪ ኮሚሽኑ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትን በደል፣ በተለይም የረሃቡን መደበቅና የሥልጣን ብልግናን እንዲመረምር በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። እስረኞችን እየጠራ ይጠይቃል፤ የጽሑፍ ቃላቸውንም ይቀበላል። ኮሚሽን ግን ፍርድ ቤት አይደለም። የሚያጣራው ነገር ክስ ለመመሥረት ይበቃል አይበቃም የሚለውን ነው፤ ጥፋተኛ ብሎ መፍረድ አይችልም። አክሊሉ ከእስር ሆነው ለዚህ ኮሚሽን ስለ ሥራ ዘመናቸው ረዘም ያለ ቃል ጻፉ። ሰነድና መዝገብ ማገላበጥ ስለማይችሉ የመንግሥታቱን ድርጅት፣ የኤርትራንና የኦጋዴንን ጉዳይ የዘረዘሩት ከትውስታቸው ነው። ጽሑፉ ዛሬ በመጽሐፍ ታትሞ ይገኛል። የዚያን ዘመን የውጭ ጉዳይ ታሪክ የሚያጠና ሰው ሊያልፈው የማይገባ ምንጭ ነው፤ የተጻፈው ግን በአንድ ተጠርጣሪ መከላከያነት መሆኑን ሳይረሱ ማንበብ ያስፈልጋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። በዋዜማው ምሽት የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታይቷል። በዚያው ቀን የወጣው የደርግ አዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ በዚህም የታሳሪው መብት የቆመበት መሠረት ተነሣ። አዋጁ የቀድሞ ባለሥልጣናትንም ጭምር የሚዳኝ፣ ውሳኔው ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም ገልጾ ነበር። የልዩ ፍርድ ቤቶቹ፣ የልዩ የወንጀለኛ መቅጫውና የሥነ ሥርዓቱ ሕጎች በኅዳር ወር ወጡ። ይግባኝ የሌለው የወታደር ችሎት ከመደበኛ ፍርድ ቤት ብዙ ያነሰ ቢሆንም፣ ቢያንስ ክስና መልስ ይኖረው ነበር። አክሊሉ ግን እሱንም አላገኙም። በመጨረሻዎቹ ጊዜያት ባለሥልጣናቱ ከአራተኛ ክፍለ ጦር ተነሥተው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ተይዘው ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.

በዚህ ቀን የደርግ አባላት ተሰብስበው የእስረኞች ስም እየተነበበ ማን ይሙት ማን ይቆይ በሚለው ላይ ወሰኑ። ተከሳሽ አልቀረበም፤ ጠበቃ፣ ምስክርም ሆነ ማስረጃ አልነበረም። ሌሊቱን አክሊሉና ሌሎቹ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ከርቸሌ ተወስደው በጥይት ተደብድበው ተገደሉ፤ በአንድ ጉድጓድም ተቀበሩ። አብረዋቸው ከሞቱት መካከል እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አስራተ ካሳ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ ጄኔራል ዐቢይ አበበና የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል። ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ግንኙነት ያልነበራቸው፣ ከደርግ ጋር የተጣሉ ወታደሮችም ተጨምረውባቸዋል። የደርግ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ምሽት በቤታቸው ከተላኩባቸው ወታደሮች ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። ሟቾቹ በተለምዶ 60ዎቹ ይባላሉ። በማግሥቱ ጠዋት ግድያው በሬድዮ ተነገረ፤ ብዙ ቤተሰቦች የሰሙት ከዚያ ነው። አክሊሉ 62 ዓመታቸው ነበር።

የመርማሪ ኮሚሽኑ ሥራ በዚያ ጊዜ አላለቀም። ስለዚህ ለረሃቡ መደበቅ ማን ምን ያህል ተጠያቂ እንደሆነ የሚያሳይ የፍርድ ቤት መዝገብ የለም። አክሊሉ ስለ ረሃቡ ምን ያውቁ ነበር፣ መቼ አወቁ፣ ምንስ አደረጉ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ግድያው የሟቾቹን መብት ብቻ ሳይሆን የወሎ ረሃብተኛ እውነቱን በችሎት የመስማት ዕድሉንም አብሮ ቀብሮታል።

ከዚያ በኋላ

ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ከጅምላ መቃብሩ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ በክብር አርፏል። ከርቸሌ፣ በሕዝብ አጠራር ዓለም በቃኝ፣ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ተሠርቷል። በ1984 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 22/1984 በእነዚህ እስረኞች ጉዳይ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለስድስት ወር እንዳይሠራ አግዶ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩት የደርግ ሰዎችም ክስ እስኪቀርብባቸው ከሦስት ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ሕጉን ረግጠዋል የተባሉ ሰዎችም በተራቸው የዚያኑ ሕግ ጥበቃ ለጊዜው አጡ ማለት ነው። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። የ60ዎቹ ግድያ በክሱ ውስጥ ተካቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌለበት የተከሰሰውን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ አባላትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ከዐቃቤ ሕግ ይግባኝ በኋላ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልኩን ቅጣት ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በእስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸዋል።