መብት የገዥ ችሮታ አይደለም

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያደብር ተወለዱ። በዚያው ደጋ የመንዝና የግሼ ገበሬ ርስቱን ከአባቶቹ ይወርስ እንጂ ከሹም ችሮታ አይጠብቅም ነበር። በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት የቀሰሙት እኚህ ምሁር ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ግን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ሆኖ ታወጀ። ማንም ያለ ሕግ እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ ንብረቱ እንዳይነጠቅ ደነገገ። ይሁን እንጂ በጦርነትና በሕዝብ መከራ ጊዜ እነዚህ መብቶች የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን እንደማይገድቡ ያው ሕግ ተናገረ፤ የምክር ቤት አባላትንም ሕዝቡ አልመረጣቸውም። ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ከሥራቸው የምንገነዘበው ሐቅ ግልጽ ነው፦ ገዥን የማይገድብ ሕግ መብትን ያውጃል እንጂ አያስከብርም።