ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ጨዋታቸው

በአሁኑ ዘመን ቼስ በክለብና በቡድን ተደራጅቶ የሚካሔድ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. 16 አገሮች በሎንዶን ከተማ ተሰብስበው በአራት በአራት ሰሌዳ የመጀመሪያውን የአገሮች ኦሊምፒያድ ካደረጉ ወዲህ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተጫዋቹ በሰሌዳው ፊት ብቻውን ይቀመጣል፤ ጓደኛው ስሕተቱን እያየ ቢንገበገብም ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። በእኛ አገር ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሰንጠረዥ እንደ ቡድን ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ የነርሱ ቡድን ደግሞ ዝም የሚል አልነበረም። ከነዚህም መካከል ስማቸው የገነነው የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

እርግጥ ጨዋታው ከርሳቸው ይቀድማል። ዓፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። የእኒህ ንጉሥ ሠራዊት በ1523 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ድል የተመታባት አንጾኪያ ለከሚሴ ተማሪዎች የጎረቤት አገር ናት።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ባላባት የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። በጐልማሳነታቸው ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋራ ተጣልተው ብዙ ዘመን በስደት ኖሩ። በኋላ ግን ቀን ወጣላቸውና ትግራይን በሙሉ ጠቅልለው ገዙ፤ መናገሻቸውም ሕንጣሎና ጨለቖት ሆነ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነውና በወዲያ በኩል የየጁው ራስ ጉግሣ ዓፄ እጓለ ጽዮንን ጎንደር ላይ አንግሠው ሲያዙ፣ ከዙፋን የወረዱት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ በራስ ወልደ ሥላሴ ጥላ ሥር አክሱም ተቀምጠው ነበር።

በ1797 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ሕንጣሎ ደረሰ። ያያቸውም ሰው በአካል ትንሽ፣ በአነጋገርና በአረማመድ ፈጣን ነበሩ። አንድ ቀን ሲገባ ራስ በመኳንንቶቻቸው መካከል ሆነው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ናቸው፤ የተቃራኒውን ጠጠር የሚበላ ሰው በኀይል መትቶ ከስፍራው ያስፈነጥረዋል። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አሽከርና ባሪያ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፤ ምክሩ በቃል ካልተሰማለትም ጠጠሩን በእጁ አንሥቶ ያሳያል። ሶልት ጨምሮ የጻፈው ነገር ግን የሚያስገርም ነው፤ ይህ ሁሉ ጫጫታ እያለ፣ ተጫዋቾቹ በብልሃት እያመቻቹ ጨዋታውን ሁልጊዜ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

እንግዲህ ራስ ጐበዝ ተጫዋች ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የሚረታቸው ሰው አልተገኘምና። በጦርነቱ በኩል ግን እያወቀ የሚሸነፍላቸው አልነበረም፤ ያን ስፍራ የያዙት በራሳቸው ክንድ ነው።

ፊሉ በሌላው ራስ ላይ ዘሎ ማለፉ ሶልትን እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ከሕንድና ከፋርስ የመጣው ጥንታዊ ደንብ ነው፤ የለወጡት ኤውሮፓውያን ናቸው፤ እኛ ጠብቀን ቆየን። ፈርዙም እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን አያቋርጥም፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። የኛ ብቻ የሆነው ግን ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን እጅ እየተመለከተ እንደ ፍጥነቱ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ንጉሡን በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በፊል ወይም በመደቅ መያዝ ግን ክብር ነው።

ሶልት በ1802 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ ከእንግሊዝ ንጉሥ ከጊዮርጊስ 3ኛ ለጨለቖት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ሥዕልና ባለ ቀለም መስተዋት አምጥቷል። ራስ ከእንግሊዝ ጋራ ንግድ ለመክፈት፣ መሣሪያም ለማግኘት ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን የባሕሩ በር ምጽዋ በእጃቸው አልነበረምና ምኞቱ አልሠመረም። በመጀመሪያው ጉዞ ጊዜ የቀረው መርከበኛ ናታንኤል ፒርስ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በቤታቸው ኖረ።

ራስ ወልደ ሥላሴ በግንቦት 1808 ዓ.ም. ሸምግለው በሕንጣሎ ዐረፉ። ሁሉም የተስማማበት ወራሽ ስላልነበረ በሰንጠረዡ ዙሪያ ተሰብስቦ ይመክር የነበረው መኳንንት እርስ በርሱ ተዋጋ፤ በመጨረሻም አገሩን የዐጋሜው ደጃዝማች ስባጋዲስ ያዙት። እርሳቸውም በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት ተማርከው ተገደሉ። ራስ ያሠሯት የጨለቖት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም አለች።