አንዱን ካታ ለዓመታት

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካራቴ ላቆም ነበር። ሰንበቴ፣ ያው ግቢ፣ ያው ካታ፣ ፊቴም ሁልጊዜ ወደዚያው ግድግዳ። እጅና እግሬ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ሐሳቤ የእሁድ ገበያው ውስጥ ይዞራል። ያኔ ነው የጊቺን ፉናኮሺን የሕይወት ታሪክ ያነበብኩት።

ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1868 በኦኪናዋ ደሴት፣ ሹሪ ተወለደ። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ደካማ ልጅ ስለነበር ረጅም ዕድሜ ይኖራል ያለ አልነበረም። ካራቴን ያስተማረው አዛቶ የሚባል የክፍል ጓደኛው አባት ነው። አድጎ መምህር ሲሆንም ቀን ሕፃናት እያስተማረ፣ ማታ ፋኖስ ይዞ አዛቶ ግቢ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ መጥፎ ቦታ የሚያመሽ መስሏቸው ያሙት ነበር።

አዛቶ አንዱን ካታ ለወራት ያስደጋግመዋል እንጂ ቶሎ ወደ ሌላው አያሳልፈውም። ቴኪ የሚባሉት ሦስት ካታዎች ብቻ 10 ዓመት ገደማ ፈጁበት!

ታዲያ ድግግሞሹ እንዴት አላሰለቸውም? አንድ ቀን ከባድ አውሎ ነፋስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘጋ። እሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። የወለል ምንጣፍ በነፋሱ ፊት እንደ ጋሻ ይዞ፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ቆመ። ነፋሱ ጭቃ ውስጥ ሲጥለው ተነስቶ እንደገና ይወጣል። ያ አቋቋም እኮ የቴኪ ካታ አቋቋም ነው! አቋቋሙን አልቀየረም፤ የቆመበትን ቦታ ነው የቀየረው።

በ1922 ካራቴን ለማሳየት ቶኪዮ ሄደ። ዕድሜው ከ50 አልፎ፣ የተማሪዎች ማደሪያ እየጠረገ ያስተምር ነበር። በ1936 ሾቶካን የተባለው ማሠልጠኛው ተሠራ። በ1945 ግን በአየር ድብደባ ወደመ፤ በዚያው ዓመት ካራቴ ያስተምር የነበረው ልጁም ሞተ። ሽማግሌው ግን ማስተማሩን አልተወም። በ1957 ሲያርፍ 88 ዓመቱ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ያንኑ ካታ ጀመርኩ። ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ጠፋብኝ! ለካ የማውቀው ግድግዳውን ነበር። አሁን አንድ ቀን ቀስ ብዬ፣ አንድ ቀን ከግራ ጀምሬ፣ አንድ ቀን አሸዋ ላይ፣ አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። አሸዋው ክብደቴ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ያሳብቅብኛል። እሁድ ደግሞ የገበያው ጫጫታ እየተሰማኝ እሠራለሁ።

እስካሁን ያው አንድ ካታ ነው። ማቆሙን ግን ረስቼዋለሁ።