ኡፋ ፎክስና እኩል ጀልባዎቹ

የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ከጥንት ጀምሮ አንድ ችግር ነበረበት፤ ይኸውም ያሸነፈው ጎበዙ ቀዛፊ ይሁን ወይስ አዲስ ጀልባ ለማሠራት ገንዘብ ያለው ሰው ለይቶ ለማወቅ አለመቻሉ ነው። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ተወዳዳሪው ሁሉ በአንድ ፕላን በተሠራ፣ በመጠኑም በሸራውም እኩል በሆነ ጀልባ እንዲወዳደር ማድረግ ነው። ነገር ግን ፕላንም ያረጃል። ያሻሻሉት እንደ ሆነ አሮጌውን ጀልባ የያዘው ሰው ይጎዳል፤ ያላሻሻሉት እንደ ሆነ ወጣቱ ወደ ሌላ ጀልባ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እንግሊዛዊው ጀልባ ሠሪ ኡፋ ፎክስ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው በመጀመሪያ ስሙን ያስጠራው የሌሎችን ጀልባ ከጥቅም ውጭ በማድረግ ሲሆን፣ በኋላ ደግሞ ማንም ከማንም የማይበልጥበትን ጀልባ ነድፏል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኡፋ ፎክስ በደቡብ እንግሊዝ በዋይት ደሴት በጃንዋሪ 15 ቀን 1898 ተወለደ። ያደገባት ካውስ የነገሥታትና የባለጠጎች ጀልባዎች የሚሽቀዳደሙባት ወደብ ናት፤ እሱ ግን ወደ ባሕሩ የቀረበው በእጅ ሥራ በኩል ነው። በሳንደርስ የጀልባ ፋብሪካ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ። ፋብሪካው ፈጣን የሞተር ጀልባዎችን ይሠራ ነበረ፤ የእነዚህም ሆድ ውሃውን እየሰነጠቀ ሳይሆን ላዩ ላይ ወጥቶ እንዲንሸራተት ሆኖ የተቀረጸ ነው። ይህ በወጣቱ አእምሮ ውስጥ ቀረ።

ጠባዩ ቀልደኛና ደፋር ነበረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባሕር ስካውት ልጆችን በክፍት ጀልባ ይዞ ወላጆቻቸው እዚያው አጠገብ ያሉ ሲመስላቸው ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በሴን ወንዝ ወደ ፓሪስ አቅጣጫ ወስዷቸዋል። በሰንሰለት እየተጎተተ ወንዝ ያሻግር የነበረ አሮጌ ጀልባ ገዝቶም መኖሪያውንና መሥሪያ ቤቱን በውስጡ አደረገ።

ታላቁ ሥራው በ1928 የወጣው አቬንጀር የተባለው የ14 ጫማ ጀልባ ነው። ማንኛውም ጀልባ ውሃውን እየገፋ ሲሄድ በፊቱና በኋላው ማዕበል ያነሣል፤ ሊፈጥን በሞከረ ቁጥር ራሱ ባነሣው ማዕበል መካከል ተይዞ ይቀራል። ፎክስ ያደረገው የጀልባውን ፊት ስለታም፣ ኋላውን ሰፊና ዝርግ ማድረግ ነው። ነፋሱ ሲበረታና ቀዛፊዎቹ ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ጀልባውን ቀጥ አድርገው ሲይዙት፣ አቬንጀር ማዕበሉን አምልጦ በውሃው ላይ ይንሸራተት ጀመር። በዚያ ዓመት 57 ጊዜ ተወዳድሮ 52 ጊዜ አንደኛ፣ 2 ጊዜ ሁለተኛ፣ 3 ጊዜ ሦስተኛ ወጣ። ይህም አልበቃ ብሎት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚያችው ትንሽ ጀልባ 100 ማይል ያህል ባሕር አቋርጦ ለሃቭር ደረሰ፤ እዚያ ተወዳደረና በባሕር ተመለሰ።

የ14 ጫማዎቹ ደንብ ልክ ቢወስንም ቅርጹን ለነዳፊው የሚተው ስለ ነበረ ፎክስ ምንም ደንብ አላፈረሰም። ሆኖም በ1927 ጥሩ ጀልባ የነበረው ሰው በ1928 መጨረሻ በእጁ የቀረው አሮጌ እንጨት ነበረ። ስለ ፎክስ የሚጻፈው ሁሉ ድሉን እንጂ ይህን ሰው አያነሣም። ለፎክስ የምንመሰክርለት ነገር ቢኖር ምስጢሩን አለመሸሸጉ ነው፤ ከ1934 ጀምሮ ባወጣቸው መጻሕፍት ፕላኖቹን ለሁሉ ገልጦ አሳተመ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚወረወር የነፍስ አድን ጀልባ ነደፈ፤ ከ1943 ጀምሮም ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎች ዳኑበት። ጦርነቱ ሲያልቅ የአውሮፕላን ሠሪዎቹ የፌይሪ ወገን የሆነው ፌይሪ ማሪን ስስ የእንጨት ልጦችን በቅርጽ ላይ በኮላ እየደራረበ፣ በትልቅ የብረት ምድጃ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ጀልባ ማውጣት ጀመረ። ሁሉም ከአንድ ቅርጽ ስለሚወጡ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ፎክስ ከጦርነቱ በፊት የነደፈው የ12 ጫማ ጀልባ በዚህ ዘዴ በ1946 ፋየርፍላይ ተብሎ ወጣ። ነዳፊው ራሱ እንኳ በዚህ ጀልባ ላይ ሌላውን የሚበልጥበት መንገድ አልነበረውም።

በ1948 የኦሎምፒክ ውድድር በቶርቤይ ሲደረግ፣ ለሁለት ሰው የተሠራው ፋየርፍላይ ለአንድ ሰው ውድድር ተመረጠ። የ20 ዓመቱ ዴንማርካዊ ፖል ኤልቭስትሮም የመጀመሪያውን ዙር አቋርጦ ቢወጣም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። ለ1952 ግን አዘጋጆቹ ፋየርፍላይን ከመለወጥ ይልቅ ፊን የተባለ ሌላ ጀልባ መረጡ። እኔ እንደሚመስለኝ ለፋየርፍላይ ይህ ዕድል ነበረ፤ ለአንድ ሰው እንዲመች ቢቆረጥና ቢቀጠል ኖሮ በየክበቡ ያሉት ሁሉ ያለ ቦታቸው በቀሩ ነበር።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። ሶርድፊሽ የተባለው የፎክስ የ15 ጫማ ጀልባ በ1954 ሲሻሻል፣ አዲሱ አልባኮር የሚል የራሱ ስም ተሰጠው። በፋየርፍላይ በኩል ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንጨቱ በፋይበር ግላስ ሲተካ ቅርጹ እንዳለ ቀረ። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ አዲሱ ነገር ቀሎ ወይም ጠንክሮ ከተገኘ ግን እኩልነቱ በጓሮ በር ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ሚዛኑና ሜትሩ ነው።

ፎክስ ሦስት ጊዜ አገባ፤ ሦስተኛይቱ ሚስቱ ፈረንሳዊት ስትሆን አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም ነበረ ይባላል። ከልዑል ፊሊፕ ጋርም በካውስ አብሮ ይወዳደር ነበረ። በኦክቶበር 26 ቀን 1972 ሞተ።

ዛሬ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በቡድን የሚወዳደሩት በአብዛኛው በዚሁ በፋየርፍላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጀልባ ያሰልፋል፤ ጥርጣሬ እንዳይኖርም ተማሪዎቹ በውድድሩ መካከል ጀልባ ይለዋወጣሉ።