የሱልጣኑ እናት እመቤት በረካ

በካይሮ ከተማ ዙወይላ የሚባል ጥንታዊ በር አለ። ከዚህ በር ተነሥቶ ሱልጣኖች ይኖሩበት ወደ ነበረው ከፍተኛ ግንብ በሚወስደው ጠባብ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ትልቅ የድንጋይ ደጃፍ ያገኛል። የደጃፉ ግንባር እንደ ማር እንጀራ በተደራረበ ቅርጽ ተጠርቦ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ይህ ደጃፍ ከተሠራ ከ650 ዓመት በላይ የሆነው የአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ነው። ሕዝቡም እስከ ዛሬ ድረስ የሱልጣን ሻዕባን እናት ትምህርት ቤት እያለ ይጠራዋል።

የእኒህ እናት ስም በረካ ነበር። በዘመናቸው ኸዋንድ በረካ ይባሉ ነበር፤ ኸዋንድ ማለት ለቤተ መንግሥት ሴቶች የሚሰጥ የክብር ስም ሲሆን በእኛ ቋንቋ እመቤት እንደ ማለት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ኑሯቸውና ለዚህ ትምህርት ቤት ስለ ሰጡት አንድ ቁርኣን ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጓደኞቼ ለመንገር እወዳለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በዚያ ዘመን ግብጽንና ሶርያን ይገዙ የነበሩት መምሉኮች ናቸው። መምሉክ ማለት ንብረት የሆነ፣ በገንዘብ የተገዛ ማለት ነው። ይልቁንም ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው አገር በልጅነታቸው እየተገዙ መጥተው የጦር ትምህርት የተማሩ ባሮች ኀይላቸው በረታና በ1250 መንግሥቱን ያዙ። እንግዲህ ባሪያ አድጎ ሱልጣን የሚሆንበት አገር ነበር። እመቤት በረካም በመጀመሪያ ባሪያ ነበሩ።

ጌታቸው አል አምጀድ ሑሴን የታላቁ ሱልጣን የአን ናስር ሙሐመድ ልጅ ነው። ብዙዎቹ ወንድሞቹ በየተራ ዙፋን ላይ ሲወጡና ሲወርዱ እሱ ሳይነግሥ በ1363 ሞተ። በረካ ከእሱ ልጅ ወልደው ነበር። በእስልምና ሕግ ከጌታዋ የወለደች ባሪያ ከዚያ ወዲያ አትሸጥም፤ ጌታዋም ሲሞት ነጻ ትወጣለች። በዚያው በ1363 ደግሞ አሚሮቹ፣ ማለት የጦር አለቆቹ፣ የበረካን ልጅ ሻዕባንን በአሥር ዓመቱ ሱልጣን አደረጉት። ሕፃን ቢነግሥ የሚገዙት እነሱ ናቸውና ምርጫቸው አያስደንቅም።

እንደራሴው የልቡጋ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ ያዘ። በ1365 የቆጵሮስ ንጉሥ ጴጥሮስ በመርከብ መጥቶ እስክንድርያን ዘረፈ፤ በሚከተለው ዓመት የልቡጋ በገዛ ሰዎቹ እጅ ተገደለ፤ ልጁም ቀስ በቀስ ራሱ መግዛት ጀመረ። (በእኛ አገር በዚያ ጊዜ የነገሡት ዐፄ ሰይፈ አርዕድ ነበሩ።) ከሻዕባን በፊት የነገሡት አጎቶቹ አብዛኞቹ ተሽረዋል፤ ከእነሱም የተገደሉ አሉ። ይህን ሁሉ ያዩ እናት ልጃቸው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ ሌሊቱን እንዴት ተኝተው ያድሩ ኖሯል?

እመቤት በረካ ሀብት በእጃቸው በገባ ጊዜ ያደረጉት ነገር ይህን ትምህርት ቤት ማሠራት ነው። በእስልምና ሕግ ሴት በንብረቷ ላይ ሙሉ ባለቤት ናት፤ ብታገባም ገንዘቧ የራሷ ነው። ስለዚህ በመምሉኮች ዘመን የሀብታም ቤተ ሰብ ሴቶች ከገንዘባቸው ከፍለው ወቅፍ ማድረግ የተለመደ ነበር። ወቅፍ ማለት ባለቤቱ ሀብቱን ለአላህ ብሎ ለዘለዓለም ከገበያ ማውጣቱ ነው። ወቅፍ የሆነ ነገር አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በመያዣ አይያዝም፣ ልጅም አይወርሰውም። ሱቅ ቢሆን ኪራዩ፣ እርሻ ቢሆን ሰብሉ ለተባለለት ሥራ ብቻ ይውላል። መጽሐፍ ሲሆን ግን ኪራይም ሰብልም የለውም፤ ፍሬው መነበቡ ነው።

ትምህርት ቤቱ በ770 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በ1368 እና በ1369 መካከል ቆመ። በውስጡ ሁለት ዐይነት የሕግ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ አንዱ የሻፊዒ፣ ሁለተኛው የሐነፊ መንገድ ነው። ከመንገዱ በኩል ለአላፊ አግዳሚ የመጠጥ ውሃ የሚታደልበት ስፍራ፣ ለጋማ ከብት የውሃ ገንዳ፣ አባት ለሌላቸው ልጆች ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ቤት ተሠርቷል። የሕግ ሊቅ፣ የሙት ልጅና የተጠማ አህያ በአንድ ደጃፍ የሚስተናገዱበት ግቢ መሆኑ እኔን በጣም ደስ ያሰኘኛል።

ስለ አሠሪው ግን ክርክር አለ። በሕንጻው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሱልጣን ሻዕባን ለእናቱ እንዳሠራው ይናገራል። የታሪክ ጸሐፊው አል መቅሪዚ ደግሞ ያሠሩት እናቲቱ ናቸው ይላል። አል መቅሪዚ በ1364 ገደማ በዚያችው በካይሮ የተወለደ፣ ስለ ኢትዮጵያ እስላም ነገሥታት ጭምር መጽሐፍ የጻፈ ሊቅ ነው። እኔ የምቀበለው የሊቁን ቃል ነው። የሱልጣን ስም በድንጋይ ላይ መቀረጹ የዘመኑ ልማድ ነበረ፤ ሱልጣኑም በዚያ ጊዜ ገና አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኋላም አድጎ የራሱን ትምህርት ቤት በግንቡ አጠገብ በራሱ ስም ማሠራቱ ይታወቃል።

እመቤት በረካ በዚያው በ770 ዓመተ ሂጅራ አንድ ትልቅ ቁርኣን ለትምህርት ቤታቸው ወቅፍ አደረጉ። ይህ መጽሐፍ ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀ ለመረዳት የዚያን ዘመን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በመምሉኮች ዘመን ለሱልጣኖች ከተሠሩት ታላላቅ ቁርኣኖች ቁመታቸው ከ70 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ነበሩ። አንዱን ለማንሣት አንድ ሰው አይበቃም። ወረቀቱ ከጨርቅ የተሠራ ሲሆን ቀለም እንዳይጠጣ ተቀብቶ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ድረስ ይታሻል። ከዚያ ቁም ጸሓፊው መስመሩን አስምሮ፣ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ሙሐቀቅ በሚባለው ረዘም ባለ ግርማ ባለው ጽሕፈት ይጽፋል። አንድ ፊደል ቢስት ስሕተቱ በመጽሐፉ ይኖራልና እጁ መንቀጥቀጥ የለበትም።

ጸሓፊው ሲጨርስ ወርቅ ቀቢው ይቀበላል። ወርቁ በጣም ስስ እስኪሆን ተቀጥቅጦ ከሙጫ ጋር ይፈጭና ቀለም ይሆናል። ሰማያዊው ቀለም ከዛሬው አፍጋኒስታን ተራራ ተቈፍሮ በነጋዴ እጅ ብዙ ወር ተጕዞ ከሚመጣ የከበረ ድንጋይ ነው። በእኛ አገር የብራና መጻሕፍት መክፈቻ ላይ ሐረግ እንደሚሣል፣ በእነዚህም ቁርኣኖች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ፊት ለፊት በጌጥ ይሞላሉ። የሰው ወይም የእንስሳ ሥዕል አይገባባቸውም፤ ጌጡ በመስመርና በአበባ የተሠራ ነው። በሻዕባን ዘመን ከተሠሩት በአንዳንዶቹ በገጹ መካከል አንድ ብዙ ጫፍ ያለው ኮከብ ይታያል፤ ከጫፎቹ መስመር እየወጣ ሌላ ቅርጽ ይሠራል፤ ያም ሌላ ይወልዳል፤ እስከ ክፈፉም ይደርሳል። በክፍላችን ጂኦሜትሪ ከባድ ነው የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እነዚያን ገጾች የሣለው ሰው ግን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ የሠራው ሥራ ዐይን ያደክማል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሣጥንም የራሱ ነው። ከእመቤት በረካ ትምህርት ቤት የተገኘ፣ በዝሆን ጥርስና በጥቁር እንጨት ልቅም ተደርጎ የተጌጠ የቁርኣን ሣጥን በካይሮ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ተቀምጧል። አንባቢው ኩርሲ በሚባለው ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ወጥቶ፣ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ በጉባኤ ያነባል። ደመወዙም ከወቅፉ ገቢ ይከፈለዋል። ቁርኣን የመግዛት ዐቅም የሌለው የሙት ልጅ በሱልጣን ቤት ሊገኝ የሚችለውን መጽሐፍ በትምህርት ቤቱ ያየዋል፣ ይሰማዋልም። ይህ ሁሉ እንዳይፈርስ ወቅፍ መሆኑ በመጽሐፉ ላይ ይጻፋል። ሌባ መጽሐፉን ገበያ ቢያወጣው ገዢው በከፈተው ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክርበታል።

በዚህ ሥራ እመቤት በረካ የመጀመሪያዋ ሴት አይደሉም። በዛሬዪቱ ቱኒዚያ በቀይረዋን ከተማ፣ ፋጢማ የተባለች የገዢው ቤት ሞግዚት በ1020 ለታላቁ መስጊድ አንድ ቁርኣን ወቅፍ አድርጋ ነበር። በብራና ላይ የተጻፈ፣ በአንድ ገጽ አምስት መስመር ብቻ የያዘ መጽሐፍ ነው። የጻፈው፣ በወርቅ ያስጌጠውና የጠረዘው ዐሊ ኢብን አሕመድ ሲሆን፣ ሥራውን ሁሉ የተቈጣጠረችው ዱርራ የተባለች ሴት ጸሓፊ ናት። ቅጠሎቹ ዛሬ ተበታትነው ከቱኒዚያ እስከ ኮፐንሃገንና እስከ ኒው ዮርክ ሙዚየም ድረስ ይገኛሉ። በእኛም አገር በሐረር በእጅ የተጻፉ፣ ለወቅፍ የተሰጡ ቁርኣኖች አሉ።

ወደ እመቤት በረካ ልመለስ። ቁርኣኑን በሰጡበት በ770 ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ፣ ማለት በ1369 ክረምት፣ ወደ መካ ለሐጅ ተጓዙ። ነጋሪት እየተመታላቸው፣ የሱልጣን ክብር ሁሉ ተሰጥቷቸው፣ በብዙ ግመሎችና በአሚሮች ታጅበው ሄዱ። በመካና በመዲና ለድኾች ብዙ ገንዘብ አከፋፈሉ። ሲመለሱ ሱልጣን ልጃቸው ከካይሮ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሕዝቡም ያን ዓመት የሱልጣኑ እናት ዓመት ብሎ ሰየመው። በገንዘብ የተገዙ ሴት በስማቸው ዓመት ተቈጠረ።

ከታላላቆቹ አሚሮች አንዱ የሆነውን ኡልጃይ አል ዩሱፊን አግብተው ነበር። ለኡልጃይ ይህ ጋብቻ ትልቅ ኀይል ሆነለት። እመቤት በረካ በ1373 ዐርፈው በትምህርት ቤታቸው ጉልላት ሥር ሲቀበሩ ግን በባልና በልጅ መካከል የነበረው ሰላም አብሮ አለቀ። ጠቡ የተነሣው በውርስ ምክንያት ነው። እናቲቱ ለትምህርት ቤቱ የሰጡት ከውርስ የወጣ ስለ ሆነ ማንም ሊነካው አልቻለም፤ የቀረው ሀብት ግን ለሁለቱም የእሳት ማገዶ ሆነ። ኡልጃይ ወታደሮቹን ይዞ በሱልጣኑ ላይ ተነሣ፤ በካይሮ ጐዳና ውጊያ ሆነ። ኡልጃይ ተሸነፈና ሲሸሽ ከነፈረሱ ዐባይ ወንዝ ገብቶ ሰጠመ። ይህ የሆነው እመቤት በረካ ከሞቱ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሱልጣኑ ሬሳውን ከውሃ አስወጥቶ ኡልጃይ ራሱ ባሠራው ትምህርት ቤት አስቀበረው፤ ይኸው ሕንጻ ዛሬም ከሚስቱ ትምህርት ቤት ብዙ ሳይርቅ ቆሟል።

ሻዕባንም ብዙ አልቈየ። በ1377 ወደ ሐጅ ሲጓዝ ወታደሮቹ በመንገድ ላይ ዐመፁበት። ወደ ካይሮ ተመልሶ ተደበቀ፤ ተገኘና በሃያ ሦስት ዓመቱ ገደማ ታንቆ ሞተ። በግንቡ አጠገብ ያሠራው የነበረው ትምህርት ቤት ገና ስላልተፈጸመ በእናቱ ትምህርት ቤት ተቀበረ።

የልጁ ትምህርት ቤት ነገር ከእናቱ ጋር ሲተያይ ያሳዝናል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀማል አድ ዲን የተባለ ባለ ሥልጣን የራሱን ትምህርት ቤት ሲያሠራ፣ የሻዕባንን ትምህርት ቤት ዕቃና መጻሕፍት ከሻዕባን ልጅ በርካሽ ገዛ። አል መቅሪዚ እንደሚለው በስድስት መቶ ዲናር ከተሸጡት ውስጥ ርዝመታቸው ከአራት እስከ አምስት ስንዝር የሆኑ አሥር ቁርኣኖች ነበሩ። ሕንጻውም ፈረሰ።

የእመቤት በረካ ቁርኣን ግን በወቅፍነቱ ብዙ መቶ ዓመት አለፈው። በ1870 ካይሮ ውስጥ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሲመሠረት በየመስጊዱና በየትምህርት ቤቱ የነበሩ ወቅፍ መጻሕፍት ከእርጥበትና ከሌባ እንዲድኑ ወደዚያ ተሰበሰቡ። ዛሬ በግብጽ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያ ያሉት የመምሉኮች ዘመን ቁርኣኖች በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ትምህርት ቤቱም በ2000ዎቹ ዓመታት ታድሷል፤ ተሰብሮ የነበረው የሚናራው ጫፍ እንደ ገና ተሠርቶለታል። እመቤት በረካና ሴት ልጃቸው በአንዱ ጉልላት ሥር፣ ሱልጣን ሻዕባን በሌላው ጉልላት ሥር አርፈዋል፤ በሁለቱ መካከል የጸሎቱ አዳራሽ አለ።