የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክና የእምኩሉ ልጆች ቤት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የጦር ሜዳ ጀግንነትን ነው። ጦር ሳይወረውሩ፥ ሠራዊት ሳያሰልፉ፥ አባትና እናት ለሌላቸው ልጆች ፊደል በማስቆጠርና መጽሐፍ በመተርጐም ብቻ ስማቸውን ከመቃብር በላይ ያዋሉ ሰዎችም በአገራችን አልታጡም። ከእነዚህም አንዱ በወለጋ ሰው ዘንድ አባ ገመቺስ በሚል ስም የሚታወቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ታሪካቸውን ለውድ ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከደብረ ሲና ብዙ ርቆ በኢሉባቦር ነው። ቢሆንም ለእኛ ለሸዋ ልጆች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሕፃናት ወደ ባሕር ከሚነዱባቸው መንገዶች አንዱ በእኛው አገር ያልፍ ነበር። ነጋዴዎቹ ከአንኮበር ተራራ ሥር ባለው በአልዩ አምባ በኩል አድርገው፥ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። ጨውና ጨርቅ በሚሸጥበት አገር ሰውም ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን፥ ማለት ከ1839 እስከ 1842፥ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቃድ አንኮበር ተቀምጦ የኦሮሞን ቋንቋ ያጠና፥ ወንጌልንም ወደዚያ ቋንቋ መመለስ ይጀምር ነበር። ክራፕፍ የጀመረው ሥራ ግን የተፈጸመው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በሌላ መንገድ ወደ ባሕር በተነዳ በአንድ የኦሮሞ ልጅ እጅ ነው።

ያ ልጅ የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ በሚባለው አገር አጠገብ ነው። ወላጆቹ ሂካ ብለው ስም አወጡለት። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። እኛም በአማርኛ የታሰረውን ሲለቁ መፍታት፥ የተሰወረውን ቃል ሲገልጡም መፍታት እንደምንለው ሁሉ፥ የኦሮምኛውም ቃል ሁለቱን ይይዛል። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ወደፊት የሚሆነውን አያውቁም ነበር።

ሂካ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። አባት የሌለው ልጅ ደግሞ በዚያ ዘመን አጥር እንደሌለው ጓሮ ነበር፤ ያገኘው ሁሉ ይገባበታል። በ1869 የሰው ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። አንዱ ለሌላው እየሸጠው፥ ምፅዋ እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ነሲብ የሚለው ስም የወጣለት በዚሁ የመከራ ጊዜ ነው። ነሲብ በዐረብኛ ዕጣ፥ ድርሻ ማለት ነው። ከአገሩ፥ ከእናቱና ከስሙ የተለየ ልጅ፥ የቀረው ዕጣው ብቻ ነበር።

ዕጣውም በ1870 ተለወጠ። በምፅዋ የሚኖረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ከባርነት ነፃ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ወደ ምፅዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ አስበው ነበር። ነገር ግን መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው በባሕሩ ዳር ቀሩ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ቢያቅታቸው፥ የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ እየተነዱ እነርሱ ዘንድ መጡ። ከዚህም የተነሣ ከባርነት የተፈቱ ልጆችን ተቀብሎ ማኖር፥ ማስተማርና ማሳደግ የሚሲዮኑ ዋና ሥራ ሆነ።

ነሲብ በትምህርቱ እጅግ ትጉህ ነበር። በ1872 በፋሲካ ዕለት፥ መጋቢት 31 ቀን፥ ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ በግሪክ ቋንቋም የሚጠቅም ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚሲዮኑ ወደ ስዊድን ልኮት በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። ባሪያ ሆኖ ምፅዋ የገባው ልጅ በ1881 መምህር ሆኖ ወደ ምፅዋ ተመለሰ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስለ መምህር ኦኔሲሞስ እንናገራለን።

መምህር ኦኔሲሞስ ከስዊድን እንደ ተመለሱ ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። አዲስ ሙሽራ ቤቱን ያደላድላል እንጂ ጉዞ አይጀምርም። እርሳቸው ግን የእናታቸው አገር ስለ ጠራቸው በዚያው በ1881 ከሚሲዮናውያን ጋር ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። በቀጥታ መሄድ የማይቻል ስለ ነበረ በሱዳን በኩል ዞሩ። እስከ አሶሳ አካባቢ ደርሰው ማለፍ አልተቻላቸውም፤ ወደ ኋላ ሲመለሱም በንዳድ ታመሙ። የጉዞው መሪ አሬንዩስ በመንገድ ሞተ። የተረፉት በሚያዝያ ወር 1882 ካርቱም ሲደርሱ የማህዲ ጦርነት ተጀምሮ ነበር። በ1886 እንደ ገና ተሞከረ። በዚህኛው ጊዜ እስከ እንጦጦ ደረሱ። ይሁን እንጂ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የውጭ ሚሲዮን ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ስለ ነበረ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዚያ ወዲያ እንዲያልፉ አልፈቀዱም። ወለጋን በቅርብ ሆነው እያሰቡ እንደ ገና ወደ ቀይ ባሕር ተመለሱ።

የተመለሱበት ቤት እምኩሉ ይባላል። እምኩሉ ከምፅዋ ወጣ ብሎ በሐሩሩ ሜዳ ላይ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ የወንዶችና የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ፤ ማተሚያም ነበረ። የሙቀቱ ጽናትና ንዳዱ ብዙዎቹን ሚሲዮናውያን ለሞት አድርሷል። በእምኩሉ የሚኖሩት ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የወጡ ስለሆኑ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቤታቸው፥ መምህሩም አባታቸው፥ መምህርቷም እናታቸው ነበረች። ስለዚህ በእምኩሉ የሚያስተምር ሰው ትዳር የራሱ ብቻ አልነበረም፤ የእነዚያ ሁሉ ልጆች ጭምር ነበር። ወይዘሮ ምሕረት ከሞቱ በኋላ መምህር ኦኔሲሞስ ያገቧቸው ወይዘሮ ልድያ ድምቦም የኦሮሞ ልጅ ነበሩ፤ በእምኩሉም መምህርት ነበሩ። እንዲህም ሆኖ ባልና ሚስት በአንድ ሥራ ተጠመዱ።

ልጆችን የሚያኖር ቤት ምን ሊሰጣቸው ይገባል? ምግብና ልብስ ያስፈልጋል፤ መኝታም ያስፈልጋል፤ ከክፉ ሰው መጠበቅም ያስፈልጋል። መምህር ኦኔሲሞስ ግን አንድ ሌላ ነገር እንደሚጎድል ከራሳቸው ሕይወት ያውቁ ነበር። ከአገሩ የተነጠቀ ልጅ ቀስ በቀስ ቋንቋውን ይረሳል። ቋንቋውን የረሳ ልጅ ቢያድግና ነፃ ቢወጣ፥ አንድ ቀን አገሩ ቢገባ እንኳ፥ በእናቱ ደጅ ቆሞ እንግዳ ይሆናል። ልጅ እንግዳ ሆኖ እንዳይቀር በገዛ ቋንቋው ማንበብ አለበት። ለማንበብም መጽሐፍ ያስፈልጋል። በኦሮምኛ የተጻፈው መጽሐፍ ግን በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቀን እያስተማሩ መጽሐፍ ለመተርጐም ታጥቀው ተነሡ። የመዝሙር መጽሐፍ፥ የሉተርን ትምህርተ ሃይማኖትና ሌሎችንም በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ መለሱ።

ዋናው መጽሐፍ ላይ ሲደርሱ ግን ከባድ ችግር ገጠማቸው። እርሳቸው ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ነው። ከዚያ ወዲህ የኖሩት በምፅዋና በስዊድን ነው። ለትልቅ ነገር የሚሆነው የሽማግሌዎች ንግግር፥ ተረቱና ምሳሌው ከአእምሯቸው ጠፍቶ ነበር። ተርጓሚ ተብለው የተሰየሙት ሰው ቃል አጠራቸው። ታላቅ ሰው መሆናቸውን የማየው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ በስዊድን የተማሩ መምህር ነኝና አውቃለሁ አላሉም። ከተማሪዎቻቸው መካከል የሚያውቅ ፈለጉ።

ያገኙትም አስቴር ጋኖን ነው። አስቴር በ1872 ገደማ የተወለደች የኦሮሞ ልጅ ናት። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ኋላ ተሸጠች። ወደ ዐረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ጀልባውን ይዘው ነፃ አወጧት፤ እምኩሉም ገባች። የቋንቋዋ ጥራትና የአእምሮዋ ብሩህነት ወዲያው ታወቀ። ወደ 15,000 የሚጠጋ የኦሮምኛ ቃል ሰብስባ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ከዚህም ሌላ በልጅነቷ የሰማችውን ወደ 500 የሚሆን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች። ከዚህ ውስጥ ብዙው መምህር ኦኔሲሞስና እርሷ ባዘጋጁት፥ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ገባ። የባሪያ ነጋዴው ሁሉን ነገር ሲገፋት እናቷ የነገረቻትን ተረት ግን መግፈፍ አልቻለም። ያ ተረት እንደ እርሷ ለተነጠቁ ልጆች የመጀመሪያው የትምህርት መጽሐፍ ሆነላቸው።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በመጽሐፉ ገጽ ላይ የተጻፈው የመምህር ኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው፤ የአስቴር ስም አልተጻፈም። ዛሬ ታሪክ አዋቂዎች የእርሷን ድርሻ ከፍ አድርገው ይናገራሉ፤ እኛም ስለ እርሳቸው ስንጽፍ እርሷን አለማንሣት ግፍ ይሆንብናል። በአንኮበር የተጀመረው ሥራ እንዲህ ሆኖ በእምኩሉ ልጆች እጅ ተፈጸመ።

በ1904 መንገዱ በመጨረሻ ተከፈተ። መምህር ኦኔሲሞስ፥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ልድያና አስቴር ጋኖ ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው። ልጅ ሆነው ከኢሉባቦር የተነጠቁት ሰው ከ35 ዓመት በኋላ ቋንቋቸው ወደሚነገርበት ምድር ሲመለሱ የያዙት ትልቅ ሀብት በዚያው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ከፈቱ። የእምኩሉ ሥራ እንደ ገና ተጀመረ ማለት ነው።

ነገር ግን እረፍት አላገኙም። በኦሮምኛ መስበካቸው ሕዝቡን ቢያስደስትም የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸው። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው በስደት እንዲኖሩ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ሆኖም እንዳይሰብኩ ታዘዘ። በዚህ ነገር ስለ ሃይማኖት ክርክር ማን ልክ እንደ ነበረ መፍረድ የእኔ የተማሪው ድርሻ አይደለም። የማደንቀው ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ስብከት ሲከለከል አገሬን ለቅቄ እሄዳለሁ አላሉም፤ አላኮረፉምም። መስበክ ካልተፈቀደ ማስተማር ይቻላል ብለው ዐሥር ዓመት ያህል ሌላው ባያዩት ተማሪዎቹ በሚያዩት ስፍራ ተቀምጠው ፊደል አስቆጠሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ቢወርዱም ፈቃዱ ስላልተሻረ እስከ ዕለተ ሞታቸው መጽሐፋቸውን ሲያድሉና ሲያስተምሩ ኖሩ።

ሰኔ 21 ቀን 1931፥ በ75 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፥ ከዚህ ዓለም ተለዩ። አስቴር ጋኖ ደግሞ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1964 አረፈች። መጽሐፍ ቅዱሳቸው በኦሮሞ አገር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተነበበው እርሱ ነው። ሰውን መሸጥና መግዛት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው፤ ይህም እርሳቸው ከሞቱ ከ11 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ብዙ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው፥ የተበደለ ሰው ምርጫ እንዳለው ነው። ስምንት ጊዜ የተሸጠ ልጅ ልቡን በቂም ሊሞላው ይችል ነበር፤ እርሳቸው ግን እንደ እርሳቸው ለተሸጡ ልጆች አባት መሆንን መረጡ። ሁለተኛው፥ ልጅ የሚያድገው በእንጀራ ብቻ አለመሆኑ ነው። በእኛም ዘመን ወላጅ አልባ ልጆችን የሚያሳድጉ ደጎች በየከተማው አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጠግበው እንዲያድሩ ማድረግ ታላቅ ምግባር ነው፤ የእናታቸውን ተረት ሳይረሱ እንዲያድጉ ማድረግ ግን ሥራውን ይፈጽመዋል። ከአንኮበር ሥር ወደ ታጁራ በተነዱት ልጆች ዘንድ ይህ አልተደረገም፤ ስማቸውንም ተረታቸውንም በረሃው በላው። እምኩሉ ከገቡት መካከል ግን አንዱ ሂካ ነበረ። እንደ ስሙም ፈቺ ሆነ።